እሜቴ የዞሩት ጉድጓድ

ይህ ነገር የሆነው መንገድ ሁሉ ባለቤት ይጠየቅባት በነበረች ከተማ ነው። ስሟን የሚያውቁ አሉ። እኔ ግን ስሟን ጠርቼ ከማንም ጋር አፍ አልካፈትም፤ ዕድሜዬም አይፈቅድልኝ። ከተማ በሏት፤ ይበቃል።

በከተማይቱ ሁለት ዓይነት መንገድ ነበር፤ የዙፋን መንገድና የግል መንገድ። የዙፋኑን መንገድ የሚጠግነው ዙፋኑ ብቻ ነው። ሌላ ሰው በዚያ ላይ አንዲት ጠጠር ቢያነሳ፣ አንድ እፍኝ አፈር ቢጨምር፣ የዙፋኑን ሥራ ነጠቀ ይባላል። ዙፋኑ ደግሞ ሥራው ብዙ ነው። መንገድ ሲቦረቦር "ተመልክተነዋል፤ በተራው ይደርሰዋል" የሚል መልስ ይመጣል። ተራው ሳይደርስ ጉድጓዱ ይሰፋል፣ ክረምት ይገባበታል፣ እንቁራሪት ይራባበታል። ሰዉም መዞሩን ይለምዳል።

የግል መንገድ ማለት ሰው በገዛ እጁ ያበጀው መንገድ ነው። "ያበጀው ሰው ባለቤቱ ነው፤ ዙፋኑ የሰውን ሀብት አይመኝም" ይላል ሕጉ። እስከዚህ ድረስ ሲሰሙት ደግ ሕግ ነው። ሰውን የሚያንቀጠቅጠው ቀጥሎ ያለው ነው። የራሱ መንገድ ያለው ሰው የዙፋኑ መንገድ ምን ያደርግለታል? ስለዚህ የግል መንገዱ አፍ ላይ ግንብ ይሠራል። ባለቤቱ ከግንቡ ወዲያ በመንገዱ ላይ እንደ ልቡ ይንጎራደድ፤ ወደ ዙፋኑ መንገድ ግን እግሩን አያነሳም። ገበያው፣ ምንጩ፣ ወፍጮው፣ መቃብሩ፣ ሁሉም ያሉት በዙፋኑ መንገድ ላይ ነው። ታሰረ አይባልም። በዚያች ከተማ ማንም ታስሮ አያውቅም። ባለቤት ሆነ ነው የሚባለው።

ከሸለቆው ማዶ ቀይ አፈር የሚባል ሰፈር ነበር። የቀይ አፈር ሰዎች አንድ ክረምት ጎርፍ የቆረጠውን መንገዳቸውን ደቦ ወጥተው ሞሉት፤ እየዘፈኑ ነው አሉ የሞሉት። ግንቡ ወዲያው ተሠራላቸው። መጀመሪያ ሰሞን ማዶ ሆኖ ለሚያይ ከየቤቱ ጣሪያ ጭስ ይወጣ ነበር። ቆይቶ ጭሱ ከጥቂት ቤት ብቻ ሆነ። ቆይቶ ደግሞ ሰው ወደዚያ ማየት ተወ። የቀይ አፈር ስም የተነሳ እንደሆነ ሁሉም አጎንብሶ የጫማውን ማሰሪያ መፈለግ ይጀምራል፤ ጫማ ያላደረገውም ጭምር።

መንገድ የማን እንደሆነ እንዴት ይለያል? ሰው እንደሆነ ይዋሻል፤ ወይ ጎረቤቱን ይሸፍናል፣ ወይ በጎረቤቱ ያላክካል። የማይዋሽ ዳኛ ሲፈለግ በቅሎ ተገኘች። ይቅርታ፤ ተገኙ። ስማቸው እሜቴ ይባላል። እሳቸውን አንቺ ማለት ነውር ብቻ አይደለም፤ ያስጠይቃል።

አሠራሩ ቀላል ነው። እሜቴ በመንገዱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳሉ። ከተሰናከሉ መንገዱን የሰው እጅ አልነካውም ማለት ነውና የዙፋኑ ነው። ሳይሰናከሉ ከጨረሱት ግን እጅ አለበት። የእሜቴን ልጓም ይዞ ሐሳባቸውን ለሕዝብ የሚያሰማ ቃል አቀባይ ነበር። ያን ጊዜ እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ "መንገዱ የማን ነው?" ይላል። "የኔ ነው" የሚል ከተገኘ እሱ ይታጠራል። ዝም ከተባለ ሰፈሩ በሙሉ ይታጠራል። "የዙፋኑ ነው" የሚል ደግሞ እሜቴን ዋሾ ማድረጉ ነውና ምን እንደሚደረግ አይታወቅም፤ እስከ ዛሬ ይህን ደፍሮ የተናገረ ሰው የለም። ከቃል አቀባዩ ኋላ መሰናከላቸውን የሚመዘግበው የእንቅፋት ጸሐፊ ይከተላል። ከእንቅፋት ጸሐፊው ኋላ ደግሞ ግንበኞች ድንጋያቸውን በአህያ ጭነው ይመጣሉ። ግንበኞቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሲያልፉ ሰላምታ ይሰጣሉ። ሰው ግን ሰላምታቸውን ሲቀበል በአህያው ላይ ያለውን ድንጋይ በዓይኑ ይቆጥር ነበር።

እንግዲህ በዚህች ከተማ ዳገቱ በሚባል ጠባብ መንገድ ላይ እናኑ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ዳገቱ ታችኛው ጫፉ ወደ ገበያው ጎዳና ይወጣል፤ ላይኛው ጫፉ ገደል ነው፣ ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለም። የእናኑ ቤት ከመንገዱ ወገብ ላይ ነው። ከእሷ በላይ የሚኖር ሁሉ ለውሃም ለገበያም ሲወርድ በደጇ ማለፍ አለበት።

ባሏ ቢራራ ዓይኖቹን ያጣው ገና ጎልማሳ ሳለ ነው። ገመድ ገማጅ ነው። ጠዋት ጠዋት በትሩን ይዞ ብቻውን ወደ ገበያው ይወርዳል፣ ቃጫውን ሲያከር ውሎ ብቻውን ይመለሳል። ልምራህ ብትለው እሺ አይልም። "መንገዱን እግሬ ያውቀዋል" ይላል። ችግሩ መንገዱ በየክረምቱ መለዋወጡ ነው። አንድ ጠዋት ደጃፋቸው ላይ አዲስ በተከፈተ ጉድጓድ ገብቶ ግንባሩን ተፈነከተ። እናኑ ደሙን አጠበችለት። በማግስቱ በትሩን አንስቶ ያንኑ መንገድ ሲወርድ በሩ ላይ ቆማ አየችው። እግሩን እያንቀጠቀጠ ነበር የሚያነሳው፣ ፊቱ ግን እንዳይታወቅበት ፈገግ ብሏል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምድጃዋን አመድ ጉድጓዱ ውስጥ መድፋት ጀመረች። መጠገን አይደለም፤ አመድ መድፋት ነው። አመድ የትም ይደፋል፣ ሕጉም ስለ አመድ ያለው ነገር የለም። እንዲህ እያለች ራሷን ታጽናና ነበር። አንዳንዴ በአመዱ ላይ የተሰበረ ገል ይጨመርበታል፣ አንዳንዴ እብቅ። ዝናቡ ያቦካዋል፣ አላፊ አግዳሚው ይረግጠዋል። ጉድጓዱ ቀስ እያለ ሞላና ጠነከረ።

እናኑ ያላወቀችው ጎረቤቶቿም በየደጃቸው እንደዚያው ሲያደርጉ መክረማቸውን ነው። አንዱ አሮጊት እናቱ እንዳትወድቅበት፣ አንዷ ነፍሰ ጡር ምራቷ እንዳትደነቃቀፍባት፣ አንዱ የአህያው እግር እንዳይሰበርበት፣ እያንዳንዱ ማንም ሳያየው አመዱን ይደፋል። አንዱ ለሌላው አልተናገረም። ሁሉም የሚያየው የራሱን ደጅ ብቻ ስለሆነ ዳገቱ ከታች እስከ ላይ እንደ አውድማ መስተካከሉን ልብ ያለ አልነበረም፤ ከቢራራ በቀር።

"እናኑ፣ ይህ መንገድ እኮ ደግ ሆነ" አላት አንድ ማታ እግሩን ሲታጠብ።

"ዝም በል!" አለችው። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት።

አዋጅ ነጋሪው የመጣው መስከረም ሲጠባ ነው። "በሚመጣው ሐሙስ እሜቴ ዳገቱን ይጎበኛሉ! ደስ ያላችሁ ደስታችሁን በልባችሁ ያዙ!" ብሎ ሄደ። ያን ጊዜ የሰፈሩ ሰው ከየቤቱ ወጥቶ መንገዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን አየው። አንዲት ጉድጓድ የለበትም። ሕፃን ቢያስሮጡበት የማይወድቅበት መንገድ ነው። የሰዉ ፊት ያን ያህል ሲገረጣ ታይቶ አይታወቅም ይላሉ።

በጋሼ ወንድይፍራው ቤት ተሰበሰቡ። ጋሼ ወንድይፍራው ከላይኛው ጫፍ፣ ገደሉ አጠገብ የሚኖሩ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ንግግር ይሆንላቸዋል።

"መቼም ይህን ያደረገው ጎርፉ ነው" አሉ።

"ጎርፉ ነው! ሌላ ማን ሊሆን ነው" አለ ሁሉም ባንድ አፍ። ሁሉም እጁን ጋቢው ውስጥ አስገብቶ ነበር፤ ጥፍር ሥር የገባ አመድ ቶሎ አይለቅም።

"እንግዲያው ጎርፉ ያጠፋውን እኛ እንመልሰው" አሉ ሽማግሌው። "አንድ ጉድጓድ ይበቃል። እሜቴ አንዴ ከተሰናከሉ ሰፈሩ ተረፈ ማለት ነው። የት ይቆፈር?"

ከዚያ አንዱ እናቱን አነሳ፣ አንዷ ምራቷን አነሳች፣ ባለ አህያው አህያውን አነሳ። ጋሼ ወንድይፍራው ራሳቸው ወገባቸውን አነሱ። ዓይን ሁሉ ዞሮ ዞሮ እናኑ ላይ አረፈ።

"የቢራራ ደጅ ይሁን" አሉ ሽማግሌው። "እሱ እንደሆነ ጉድጓድ ኖረም አልኖረም አያየው።"

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀና ሳቁን መልሶ ዋጠ።

"ጋሼ፣ የሚወድቀው እኮ እሱ ነው" አለች እናኑ።

"ሐሙስን ቤት ይዋላ፣ ልጄ! አንዲት ቀን ናት። ላንድ ሰው ብለን ቀይ አፈር እንሁን?"

ስሙ ሲጠራ ሁሉም ወደ ጫማው አጎነበሰ። እናኑም እሺ አለች። ስለ ጎረቤቶቿ ብላ እሺ ያለች ይመስላችኋል፤ አይደለም። ፈርታ ነው። ያ ጉድጓድ የሞላው በእሷ አመድ ነው፤ ተቆፍሮ ማስረጃው ሊጠፋ ነው ብላ በልቧ ክፉ ደስታ ተሰማት። ኋላ ይህን ደስታዋን ባሰበች ቁጥር ትጠላው ነበር።

መቆፈሩም ቀላል አልነበረም። የዶማ ድምፅ ከተሰማ ሰው ይጠይቃል። ስለዚህ ጠራራ ፀሐይ ላይ ሠርግ ደገሱ። ከበሮ ተመታ፣ ሴቶቹ ክብ ሠርተው ዘፈኑ፣ ከክቡ መሃል ሁለት ጎልማሶች ጎንበስ ብለው ይቆፍራሉ። ከበሮው ሲመታ ዶማው ይመታል፣ ከበሮው ሲያርፍ ዶማው ያርፋል። ሙሽራም ሙሽሪትም የሌሉበት ሠርግ ነው። ከገበያው ጎዳና ሰው ብቅ ሲል እልልታው ይደምቃል። ሲያልፍ ሁሉም ላቡን ይጠርጋል።

ቢራራ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር።

"ሙሽሪት ማን ናት?" አለ።

"አታውቃትም" አለችው እናኑ።

"ዘፈኑ እኮ ስሟን አይጠራም።"

እናኑ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እልል አለች። ጥቂት ቆይቶ በትሩን ከግድግዳው አስደግፎ "እሺ" አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ሐሙስ ከቤት እንዳትወጣ ስትለውም እሺ አለ። እሺ ማብዛቱን ያን ቀን ልብ ብላ ቢሆን ኖሮ!

ሐሙስ ጠዋት እሜቴ መጡ። ኮርቻቸው ላይ ሰው አይቀመጥም፤ ባለ ጥልፍ ልብስ ብቻ ተጥሎበታል። ደንቡ የሰፈሩ ሰው በየደጁ ወጥቶ ፊቱን ወደ ቤቱ ግድግዳ አዙሮ እንዲቆም ነው። ማንም አይናገር፣ አይሳል፣ እሜቴን አይጥራ፤ በመንገድ ላይ ያለን "ተጠንቀቅ" ማለትም መንገዱን መርዳት ነው። እናኑ ግድግዳዋን ታቅፋ ቆመች። ጭቃው አፍንጫዋን ነካው። ከታች ኮቴ ይሰማታል፤ ቀ፣ ቀ፣ ቀ። ከኮቴው ኋላ የእንቅፋት ጸሐፊው ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሰማታል። ከዚያ ኋላ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ።

እዚህ ላይ ሰፈሩ የረሳው ነገር ነበረ። በቅሎ ማለት ፈረስ አይደለችም፤ በተቀደደ ገደል ላይ ጭነት ተሸክማ የምትሄድ እንስሳ ናት። እሜቴ በሌላው መንገድ ሁሉ የሚሰናከሉት መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ስለሆነ፣ አንዱን ሲሸሹ ሌላው ስለሚገጥማቸው ነው። በተስተካከለ መንገድ ላይ አንድ ጉድጓድ ብቻ ሲያዩ ግን ምን ያደርጋሉ? ይዞራሉ። ይህን በከተማይቱ የማያውቅ አልነበረም። ያን ቀን በጋሼ ወንድይፍራው ቤት ግን ሁሉም የየራሱን ደጅ ለማትረፍ ሲጣደፍ አንድም ሰው ትዝ አላለው።

ኮቴው እናኑ ጀርባ ደረሰና ቆመ። ከዚያ ኮቴው ወደ ጎን ሄደ። ቀስ ብሎ፣ በጥንቃቄ፣ በጉድጓዱ ጠርዝ ዞረና ወደ ላይ ቀጠለ።

እናኑ ነፍሷ ከእግሯ ሥር የወጣ መሰላት። ከጎኗ፣ ከማዶዋ፣ ከላይም ከታችም በየግድግዳው የቆመ ሰው ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማል። ከኋላ አንዱ ግንበኛ ለጓደኛው በዝግታ "ሸክሙን አላላው" ሲል ሰማችው።

በዚህ መሃል በሯ ሲጢጥ አለ።

ቢራራ ነው። በትሩን ሳይዝ ወጣ። ልክ ገበያ እንደሚወርድ ሰው ቀጥ ብሎ ተራመደና፣ እናኑ ዞራ ሳትይዘው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ሲወድቅ ያወጣው ጩኸት ሰፈሩን አናጋው። እሜቴ በርግገው ወደ ጎን ዘለሉ፤ የፊት እግራቸው ታጠፈ፤ በጉልበታቸው መሬቱን ነክተው ተነሱ።

"ተሰናከሉ!" አለ ቃል አቀባዩ።

"ተሰናከሉ" አለ የእንቅፋት ጸሐፊው።

ከየግድግዳው ሥር የእፎይታ ትንፋሽ ወጣ። ዳገቱ የዙፋኑ ሆነ ማለት ነው። ግንበኞቹ ሸክማቸውን መልሰው አጠበቁ። እናኑ ግን ዞራ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክካለች። ቢራራ ከሥሩ ተጠማዞ ወድቋል፤ አንድ እግሩ እግር በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል።

"እንዳትነኪው!" አለ ቃል አቀባዩ። "እሜቴ የተሰናከሉበት ነገር የመንገዱ ምስክር ነው። ምስክር ደግሞ ከቦታው አይነሳም። እስከሚቀጥለው ጉብኝት እንዳለ ይቆያል።"

"ሰው እኮ ነው!"

"ሰው አይደለም አላልንም።"

"ውሃስ? እህልስ?"

"በዙፋኑ መንገድ ላይ የሚያስፈልገውን ሁሉ የሚያደርገው ዙፋኑ ነው። በተራው ይደርሰዋል።"

እናኑ ወደ ጎረቤቶቿ ዞረች። የምታየው ጀርባ ብቻ ነው። እናቱን ያነሳው ጀርባ፣ ምራቷን ያነሳችው ጀርባ፣ የጋሼ ወንድይፍራው ጎበጥ ያለ ጀርባ። ከጉድጓዱ ውስጥ ቢራራ "ተይኝ እናኑ፣ ግቢ" ይላታል ጥርሱን ነክሶ። ፈራች፤ እንዲያ ፈርታ አታውቅም። የቀይ አፈር ጣሪያዎች ጭስ አልባ ሆነው በዓይኗ መጡ። ግን ሰውዬውን ደግሞ ማታ ማታ እግሩን የምታጥበው እሷ ናት።

"የኔ ነው" አለች።

ቃል አቀባዩ ጆሮውን ተጠራጠረ። "ምኑ?"

"መንገዱ። የሞላሁት እኔ ነኝ፣ በአመድ። የኔ ነው፤ ጉድጓዱም፣ በውስጡ ያለውም።"

ቃል አቀባዩ ፊቱ በራ። በሥራ ዘመኑ ባለቤት በፈቃዱ ሲቀርብለት ይህ የመጀመሪያው ነበር። "ከየት እስከ የት?" አለ በትህትና።

እናኑ እዚህ ላይ አሰበች። ጎረቤቶቿን ልትጎዳ አልፈለገችም። ቢራራ የወደቀው ለእነሱ ነው፤ እሱ ያተረፈውን እሷ ልታጠፋው አይገባም። "ከቤቴ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ሌላው ማዕዘን" አለች። "ከዚያ በላይም ከዚያ በታችም የለሁበትም። ያ የዙፋኑ ነው፤ እሜቴ ተሰናክለውበት የለ?"

"እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ" አሉ ጋሼ ወንድይፍራው፤ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያዞሩ። ሌሎቹም በየግድግዳው መረቋት።

"እንኳን ደስ አለሽ" አለ ቃል አቀባዩ። "ከዛሬ ጀምሮ በመንገድሽ ማን እንደሚያልፍ፣ ማን እንደማያልፍ የምትወስኚ አንቺ ነሽ። ዙፋኑ በግል ነገር እጁን አያስገባም።"

ግንበኞቹ ሰላምታ ሰጥተው ሥራቸውን ጀመሩ። አንድ ግንብ ከቤቷ በላይ፣ አንድ ግንብ ከቤቷ በታች፣ መንገዱን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እየዘጉ። እናኑ በዚያ መሃል ቢራራን ብቻዋን ጎትታ አወጣችው። አንድም ሰው አላገዛትም። እግሩን በገመዱ አስራ፣ ቤት አስገብታ አስተኛችው።

"ምን አደረግሽ?" አላት።

"አወጣሁህ።"

"እኔ እኮ ሰፈሩን ላድን ነው የገባሁበት። ኮቴያቸው ሲዞር ሰማሁት። እንስሳ ካልገባበት እኔ ልግባበት ብዬ ነው። ከንቱ አደረግሽው።"

"ከንቱ አይደለም። የታጠርነው እኛ ብቻ ነን። ሰፈሩ ድኗል" አለችው። እውነት መስሏት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከላይ ያሉት ሰዎች እንስራቸውን አዝለው ወደ ምንጩ ሲወርዱ ግንቡ ጋ ደርሰው ቆሙ። ቀና ብለው አዩት። ዞረው ገደሉን አዩት። መንገዳቸው የዙፋኑ ነው፣ እጃቸው ንጹሕ ነው፣ ማንም አንዳች ነገር አላደረጋቸውም። መውረጃ ግን የላቸውም። ጉድጓዱ በሌላ በማንኛውም ደጅ ቢቆፈር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እያንዳንዱ በልቡ አሰበና ለጎረቤቱ አልተናገረም። ከግንቡ በታች ያሉት ደግሞ እሰይ ብለው እግራቸውን እያዩ ወደ ገበያ ወረዱ።

ላይኞቹ ቃል አቀባዩን ጮኸው አስጠሩት። መጥቶ ከታችኛው ግንብ ሥር ቆሞ መለሰላቸው። "መንገዳችሁ የዙፋኑ ነው፤ ዙፋኑ በፈለገ ጊዜ ይደርስባችኋል።"

"እኛስ? እኛ የት እንድረስ?"

"እናንተ በሁለቱም ጫፍ በዙፋኑ መንገድ የመሄድ ሙሉ መብት አላችሁ። በመሃል ያለው የግል ነው። ባለቤቲቱን ጠይቁ" ብሎ ሄደ።

ጥቂት ቀን ማንም አልጠየቃትም፤ አፍረው ይሁን ፈርተው አላውቅም። እናኑ በነዚያ ቀናት ጉድጓዱን ትሞላ ነበር። አሁን መደበቅ የለባትም፤ በጠራራ ፀሐይ የምድጃዋን አመድ በቅርጫት እያወጣች ትደፋለች። ቢራራ ቤት ውስጥ ተኝቶ ድምፁን ያዳምጣል። ጉድጓዱ ግን ከአንድ ምድጃ አመድ ይሰፋ ነበር። ዱቄቱ እየጎደለ ሄደ። እንስራውን ስታዘነብለው ውሃው ከታች ይንቦጫቦጫል። ለቢራራ ሰጥታ እሷ ጠጥቻለሁ ትላለች። ማታ ማታ ከታች ያሉ ሰዎች ወደ ጭሷ ሲያንጋጥጡ ይሰማት ጀመር፤ አንድ ጊዜ አንዲት ሴት "ዛሬም አለ" ስትል በግልጽ ሰማቻት። በጣም ፈራች።

አንድ ረፋድ ላይ ከላይኛው ግንብ ማዶ በትር ድንጋዩን ኳ ኳ አደረገው።

"እናኑ። ልጄ።" ጋሼ ወንድይፍራው ናቸው። ድምፃቸው ውሃ በማጣት ደርቋል። "መሰላል አለን። በደጅሽ ተሻግረን እንውረድ። ላንቺም ውሃ ቀድተን፣ እህል ይዘን እንመለሳለን። መንገድ ትሰጪናለሽ?"

እናኑ ከጉድጓዱ ጠርዝ ተነሳች። እጇን በቀሚሷ ላይ ጠርጋ አጸዳች። እሱ እንደሆነ አያየው ያሉት ትዝ አላት፤ ተውጦ የቀረው ሳቅ ትዝ አላት፤ በየግድግዳው የተደረደረው ጀርባ ትዝ አላት። ከሆዷ አንድ ነገር ወደ ላይ ወጣ፤ ይጣፍጥ ነበር፤ አልዋሻችሁም። አንገቷን ቀጥ አደረገችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

"መንገዱ የማን ነው?" አለች።

ከግንቡ ማዶ ብዙ ሰው እንዳለ በትንፋሹ ይታወቃል። አንድ ሕፃን ሲያስል እናቱ አፉን አፈነችው። እናኑ ጠበቀች። ያ ጥያቄ ምንም መልስ እንደሌለው ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ እንዲያም ሆኖ ጠበቀች።

"ያንቺ ነው" አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ። ከዚያ ቶሎ ብለው አረሙት። "የእርስዎ ነው፣ እሜቴ።"

ያን ጊዜ ከቤት ውስጥ ቢራራ ጮኸ። "እናኑ! ማን ነው የገባው? ያ የበቅሎ ሰውዬ ተመልሶ መጣ?"

እናኑ ወደ በሩ ዞረች።

"እናኑ! የት ነሽ? ምን አደረጉሽ?" ከመኝታው ለመነሳት ሲፍጨረጨር ይሰማታል።

ሮጣ ገባች። "ማንም የለም" አለችው። "እኔ ነኝ።"

"አንቺ አይደለሽም። አሁን እዚያ ደጅ ላይ የተናገረው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ ቢራራ።"

ዓይን የሌለው ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። ፊቱ ላይ ያየችውን ፍርሃት የትም ታውቀዋለች፤ ሐሙስ ዕለት በየግድግዳው ሥር ቆሞ የነበረው ነው። አሁን ግን የተፈራችው እሷ ነች። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

"እጅሽን አምጪ" አላት።

ሰጠችው። መዳፏን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ በቀሚሷ የጠረገችው ቦታ ለስላሳ ነበር፤ አላወቀውም። ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሰና ጥፍሮቿ ሥር ደረሰ። እዚያ ሲደርስ ትከሻው ወረደ።

"አመድ አለበት" አለ። "አዎ፣ አንቺ ነሽ።"

እናኑ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ወጥታ ከላይኛው ግንብ ሥር ቆመችና "ጋሼ" አለች፤ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር። "መሰላሉን አምጡት። ሲመጡ ደግሞ ሁላችሁም ከየምድጃችሁ አመድ ይዛችሁ ኑ፤ ጉድጓዱ አልሞላልኝም።"

መጡ። መጀመሪያ የተሻገሩት ጋሼ ወንድይፍራው ናቸው። በጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን አመድ ጉድጓዱ ላይ ፈትተው ሲያፈሱ ቀና ብለው አላዩዋትም። ሌሎቹም ከኋላቸው አፈሰሱ፤ ከዚያ በታችኛው ግንብ ተሻግረው ወደ ምንጩ ወረዱ። ማታ ለእናኑ ውሃ ይዘውላት ተመለሱ።

ግንቦቹ እንዳሉ ናቸው ይላሉ፤ እሜቴም በየዓመቱ ይመጣሉ። እናኑ ከዚያ ወዲህ ግንቡ በተንኳኳ ቁጥር መልስ ከመስጠቷ በፊት ቤት ትገባለች አሉ። ምድጃው ሥር ትቀመጥና ሁለት እጇን አመዱ ውስጥ ትከታለች። እጇ እስከ አንጓው ድረስ እስኪነጣ ድረስ አፏን አትከፍትም።